ድንጋይ ተሸክመው ደጃችን የቆሙት መምህርት የሻረግ

መምህርት የሻረግ ያረፉበትን ቀን በትክክል አላውቀውም። መርዶውን የሰማሁበትንም ቀን ቢሆን ይህ ነበር ብዬ ለመናገር አልችልም። ስልክ የማይሠራበት፣ መንገዱም አንዴ ተከፍቶ አንዴ የሚዘጋበት ሰሞን ነበር። ገብሱ እሸት እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። አንድ ማለዳ የእኅታቸው ልጅ ገሚሱን በጭነት መኪና፣ ገሚሱን በእግሩ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ ከበራፌ ቆመ። ፊቱን ሳየው ነገሩ ገባኝ። «አባባ ጫኔ፣ እትዬ አረፈች» አለኝ። መቼ ብዬ ጠየቅሁት፤ እሱም ነገረኝ፤ ቀኑ ግን በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ። ልቤ ላይ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተቀብረዋል። እኛ ማሳችን ውስጥ ስናርም፣ ስንጫወትም እንደሆነ ስንጫወት፣ እሳቸው አፈር ቀምሰዋል።

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የለየሁት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። የት እንደ ተወለዱ፣ የት እንደ ተማሩ፣ በስንት ትምህርት ቤት እንዳስተማሩ ቤተ ዘመድ በደንብ ጽፎ በቀብራቸው ላይ አስነብቧል ብለውኛል። እኔ ያን አልሰማሁም። እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው። የምጽፈውም ለምታውቋቸው ሁሉ ነው፤ በሮብ ገበያ ላላችሁ፣ በደብረ ማርቆስ ላላችሁ፣ ከእጃቸው ተምራችሁ ሩቅ አገር ለሄዳችሁ።

በዚያ ጊዜ የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ነበርኩ። ትምህርት ቤቱ ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጮቄን ተንተርሶ ያለ ነው። መምህርት የሻረግ ወደኛ የመጡት ጡረታቸው ሲቃረብ ነበር። ሰው በዚያ ዕድሜው ወደ ከተማ ይቀየራል እንጂ ወደ ብርድ ይወጣል ወይ ብለን ገረመን። አንድ ቀን ደፈር ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ማርቆስ አስተማሪ ሞልቷል፤ እዚህ ብርዱ አስተማሪ ያባርራል አሉኝ። እኔ ደግሞ ወፍራም ጋቢ አለኝ» ብለው ሳቁ።

ጠዋት ጠዋት ከእኔ ጎን ከበሩ ይቆሙና ልጆቹን አንድ በአንድ ይቀበላሉ። «አንተ፣ የእናትህ ወገብ ተሻላት?» «አንቺ፣ ያች ቦራ ላም ወለደች?» ይላሉ። ጫማው የተቀደደበትን ልጅ አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። ከገበያው ቀን ማግስት ያ ልጅ ጫማ ተጫምቶ ይመጣል። ማን ገዛለት ብሎ የጠየቀ የለም፤ እሳቸውም ትንፍሽ አይሉ።

እንቅልፍ የነሳቸው ነገር የልጆች ማቋረጥ ነበር። መስከረም ላይ መቀመጫ የጠበበው ክፍል አጨዳ ሲደርስ ይሳሳል፤ ፋሲካ ሲያልፍ ድምፅ ያስተጋባል። አስበው አስበው አንድ ነገር ላይ ደረሱ። ልጁ ቤቱ ሲገባ የሚያስጠናው የለ፣ መብራት የለ፤ ስለዚህ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ይቀራል። ወደ ኋላ የቀረ ያፍራል፤ ያፈረ ይቀራል። «ልጅን የሚያስቀረው ከድህነቱ እፍረቱ ይብሳል» ይሉ ነበር። መድኃኒቱ ትምህርት ሲያበቃ ልጆቹን እዚያው አቆይቶ ማስጠናት ነው አሉ። ከመምህራኑ ጋር ተቀምጠው አቀዱ። ወረዳውም ድጋፍ ፈልጎ በፀሐይ የሚሠራ መብራትና ደብተር አመጣ። ተርቦ የሚያጠና የለም ብለው ደግሞ የባቄላ ንፍሮ በራሳቸው ኪስ ያስቀቅሉ ጀመር።

ሰንበት ቀን፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ሥር ቆመው ለሕዝቡ ነገሩት። «ከእንግዲህ ሁሉም ልጅ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከእኔ ጋር ነው። ንፍሮው የእኔ ነው። ንፍሮዬን ሳይቀምስ የሚሄድ ልጅ እንዳላይ፣ አዝናለሁ!» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ፤ መረቃቸው። በፍቅር የተነገረች ቃል ነበረች። ያች ቃል የኋላ ኋላ ምን እንዳደረገች ደግሞ እነግራችኋለሁ።

በጥቅምት አንድ ቀን ጉም ወረደ። የጮቄን ጉም የማያውቅ ሰው ጉም ምን ያደርጋል ይል ይሆናል። እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታየውም። ልጆቹ ጥናት ጨርሰው ሲወጡ መንገዱ ጠፋ። አብዛኞቹ ተያይዘው ገቡ። ሁለት ልጃገረዶች ግን ሳይገቡ ቀሩ፤ አንዷ የልጄ የደሴ ልጅ ይታይሽ፣ ሁለተኛዋ የጎረቤታችን የፈንታሁን ልጅ እናኑ። አገሩ ሁሉ እየተጣራ ፈለጋቸው። ሲነጋ ከወንዙ ማዶ አንዲት ባልቴት ቤት ተገኙ፤ አሮጊቷ ከእሳት ዳር አስተኝተዋቸው ኖሯል። ምንም አልሆኑም። ሰው ግን አፍ አለው። «ውጭ ያደሩት ልጆች» ተባሉ።

ደሴ ይታይሽን ከትምህርት አስቀራት። እኔ አባቱ ነኝ፤ ግን ጎጆ የወጣ ልጅ በልጁ ነገር አባቱን ሁልጊዜ አይሰማም። «ይለፍ፣ ትማር» ብዬ ብለምነው፣ «አባባ፣ እርስዎ በር ይጠብቁ፣ እኔ ልጄን እጠብቃለሁ» አለኝ።

ቤታቸው ሩቅ የሆነ ሌሎች ወላጆችም ፈሩ። እንግዲህ ልጄ በዘጠኝ ሰዓት ትምህርት ሲያልቅ ትምጣ፣ ጥናቱ ይቅር ማለት ይቻል ነበር። ግን ንፍሮው አለ። የሰው እህል ገፍቶ መሄድ በኛ አገር ነውር ነው፤ መምህርቷም አዝናለሁ ብለዋል። ታዲያ ሰው ምን አደረገ? እሳቸውን ከማስቀየም ልጁን ጨርሶ አስቀረ። ግማሹ ታሟል አለ፣ ግማሹ አክስቱ ዘንድ ሄዷል አለ። መምህርት የሻረግ የታመሙትን ሊጠይቁ ሎሚና ስኳር እያስያዙ ይልኩ ነበር። ወላጆቹም ሎሚውን እየተቀበሉ ያመሰግኗቸዋል።

አጨዳ ሳይገባ ከወረዳ አንድ ሰውዬ ለግምገማ መጣ። ወላጆች ተሰበሰቡ፤ አግዳሚውን የደረደርኩት እኔ ነኝ።

«ፕሮግራሙን እንዴት አገኛችሁት?» አለ ሰውዬው።

«እግዚአብሔር ይመስገን!»

«ልጆቻችሁ እየተጠቀሙ ነው?»

«ክብር ለእሱ፣ ምን ይጎድልባቸዋል!»

«ችግር የለም?»

«ዕድሜ ለመምህርታችን እንጂ ምን ችግር አለ!» አለ ፈንታሁን ተነሥቶ። ሁሉም አጨበጨበ። ደሴም አጨበጨበ። ሰውዬው ውጤታማ ነው ብሎ ጽፎ ሄደ። መምህርት የሻረግ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉ አየሁ፤ የደስታ ነበር።

ኅዳር ላይ ደሴ ለገብስ አጨዳ ደቦ ጠራ። መምህርት የሻረግ በመንገዱ ሲያልፉ «ያበርታችሁ!» አሉ፤ «ያበርታዎ!» አልን። አላለፉም፤ ጋቢያቸውን ከድንጋይ ካቡ ላይ አኖሩና ነዶ ማቀበል ጀመሩ። ደቦውን የሚመራው ፈንታሁን ነው። ፈንታሁን አፈኛ ነው፤ ደቦ ላይ የሰነፈን ሰው ሲተርብ አይምርም። ደሴ ከመስመሩ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረ።

«አንተ ደሴ! ማጭድህ ትምህርት አቋረጠች እንዴ?» አለው።

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ደሴ ቀና አለ፤ ፊቱ ቀላ።

«የኔስ ማጭድ ቤቷ ናት። ያንተ ናት ባል ላግባ ብላ የተነሣች!»

ሳቁ በአንዴ ጠፋ።

«የልጄን ነገር ከአፍህ አውጣ!» አለ ፈንታሁን።

«አንተ አይደለህ የጀመርክ?»

መምህርት የሻረግ ነዶውን እንዳቀፉ ቆሙ። «ቆይ፣ ቆዩማ። እናኑ ታማለች አይደለም እንዴ ያላችሁኝ?»

ፈንታሁን መሬት መሬት እያየ፣ «አልታመመችም መምህርት» አለ። «ውጭ አደረች ተብሎ ስሟ ሳይጠፋ ብዬ ቃል አስሬላታለሁ። ለጥር ነው።»

«ይታይሽስ?»

«እሷም ደህና ናት» አለ ደሴ ቀስ ብሎ።

«እሺ፣ ማምሸቱን ከፈራችሁ ለምን በዘጠኝ ሰዓት አትወስዷቸውም?»

«የእርስዎን ንፍሮ ረግጣ?» አለ ፈንታሁን፣ ከልቡ ደንግጦ። «እንዴት ተደርጎ!»

ነዶው ከእጃቸው ወረደ። እላዩ ላይ ተቀመጡ። አንዲት ሴት ውኃ አመጣችላቸው፤ ይዘውት ቆዩ እንጂ አልጠጡትም። «እኔ ነኝ» አሉ። «ደህና ናችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኋችሁ፣ እናንተም ደህና ነን አላችሁኝ። ሰላምታ ጠይቄ ሰላምታ ተመለሰልኝ፤ እኔ ግምገማ መሰለኝ። ልጆቹን ላቆይ ብዬ እኔው አስወጣኋቸው።»

በማግስቱ ሮብ ገበያ ወረዱ። አብሬያቸው ሄድኩ። እኔ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፤ ንግግሩ ግን ይሰማኛል። የጻፋችሁትን መልሱልኝ፣ ትክክል አይደለም አሉት ያን የግምገማውን ሰውዬ።

«መምህርት፣ ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄዷል እኮ። የተሳካለት ሥራ አልተሳካልኝም ብሎ የሚከራከር ሰው ዛሬ አየሁ! ድጋፉን ቢያነሱብዎትስ?»

«ያንሱት። መብራት ሌላ ይገኛል። ልጅቱ ባል ቤት ከገባች ግን ማን ያወጣታል?»

ድጋፉ እውነትም ተነሣ። መብራቶቹ ተጭነው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሄዱ። መምህራኑ አኮረፏቸው፤ «በገዛ እጃቸው» እያሉ ሲያንሾካሹኩ በበሩ ሲያልፉ እሰማ ነበር። እሳቸውም ይሰማሉ። በዚያ ሰሞን ምሳቸውን ብቻቸውን ነበር የሚበሉት።

ቀጥሎ የመጣችው ሰንበት ከልቤ አትጠፋም። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ደሴ ግቢ ጥላ ሥር ተቀምጠናል። ውሻው ጮኸ። ቀና ስንል መምህርት የሻረግ ከደጅ ቆመዋል፤ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው። በአገራችን ደም የተቃባ፣ ትልቅ በደል የበደለ ሰው ነው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚጠይቅ። አስተማሪ፣ ያውም በዚያ ዕድሜ፣ ድንጋይ ተሸክሞ አይቼ አላውቅም።

ደሴ ዘሎ ተነሣ። «ኧረ በማርያም! ኧረ ያውርዱት! ምን ጉድ ነው!»

«ይቅር በለኝ ደሴ። ልጅህን ጉም ውስጥ የሰደድኳት እኔ ነኝ። አቅዳለሁ ብዬ ቤታችሁ የት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም።»

«ይቅር ብያለሁ! ይቅር ለእግዚአብሔር!» ብሎ ድንጋዩን ከአንገታቸው አወረደው። እኔ ፊቴን ወደ ጎጆው አዞርኩ።

ቤት ገብተው ጠላ ቀመሱ። ደሴ ልጅቷን መልስልኝ የሚሉበትን ሰዓት እየጠበቀ ነው፤ ምን ብሎ እንደሚመልስም አሰናድቷል። እሳቸው ስለ ገብሱ ተጫወቱ፣ ይታይሽን ጉንጯን ስመው ተነሡ። እስከ አጥሩ ስሸኛቸው፣ «መምህርት፣ ምነው ስለ ትምህርቱ ሳያነሱ?» አልኳቸው።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት አባባ ጫኔ። በይቅርታ ላይ ልመና ብጨምርበት ንግድ ይሆናል» አሉኝ።

ፈንታሁን ቤትም በዚያው ድንጋይ ሄዱ። ፈንታሁን አለቀሰ፤ ይቅርም አለ፤ ቃሉን ግን አላፈረሰም። «ለሰው ሰጥቻለሁ መምህርት፣ ሰው ምን ይለኛል?» አለ። ሽማግሌ ላኩበት፣ ካህን ላኩበት፣ ሕግም አለ ብለው ነገሩት። ቤተሰቧ ግን ልጅቷን ወደ መርጡለ ማርያም በኩል ዘመድ ዘንድ አሻገሯትና በጥር እዚያው ተዳረች። መምህርት የሻረግ ያን ወፍራም ጋቢያቸውን በሰው እጅ ላኩላት። የዚያን ዓመት ብርድ በነጠላ ነው የከረሙት።

ከዚያ በኋላ ሥራቸው ሌላ ሆነ። ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። ጥናቱ ጥሩ ነው ወይ ብለው አይጠይቁም። «ትናንት ልጅሽ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምን ስትሠራ አመሸች?» ነው የሚሉ። አንዷ ውኃ፣ አንዷ ጥጃ፣ አንዷ ታናሿን ማዘል ትላለች። እንዲህ ሲዞሩ አንድ ነገር አዩ፤ ሞፈር በማይነሣበት ቀን፣ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በባለ ወልድ፣ ልጆቹ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሥራ የላቸውም። ስለዚህ ጥናቱ በየጎጡ፣ በቀን ብርሃን፣ በዓል በዓል ይሁን አሉ። በዓል መሻር እንዳይሆን የፈሩ ነበሩ። የነፍስ አባታችን ግን፣ «ሞፈር አይነሣም ነው የተባለው፤ መጽሐፍ አይነሣም ያለ የለም» ብለው ገላገሉን።

መጀመሪያ ቀን መምህርት የሻረግ ከልጆቹ ፊት ቆመው፣ «ንፍሮ የለም! መሄድ የፈለገ በፈለገበት ሰዓት ይሂድ፣ አላዝንም!» አሉ። ከዘመኑ ሁሉ ያን ቀን ነው ሰው ከልቡ ሲስቅላቸው ያየሁ።

ግምገማውም ወደ ማኅበር ቤት ሄደ። ጽዋው ከዞረ በኋላ፣ «የማን ልጅ ቀረ? ምን ይዞት ቀረ?» ይላሉ። በማኅበር ሰው ይተራረባል፤ የአንዱን ጉድ ሌላው ያወጣዋል፤ እሳቸውም እየሳቁ ይሰማሉ፣ በማግስቱ እቤቱ ይገኛሉ። ሁሉም ተመለሱ ብዬ አልዋሽም። አንዳንዶቹ ተመለሱ። አንዳንዶቹ ወደ ደጀን ወርደው የመኪና ረዳት ሆነዋል፣ አንዳንዶቹ የት እንደገቡ አይታወቅም። ይታይሽ በየበዓሉ ከአጥሩ ኋላ ቆማ ትሰማ ነበር። አንድ የማርያም ቀን ደሴ አያትና፣ «ከአጥር ኋላ የምትቆሚ ሌባ ነሽ? ግቢ!» ብሎ ተቆጣት። በቁጣ አስመስሎ ነው የፈቀደላት። ዓመቷ ባክኖ፣ ከታናናሾቿ ጋር ተቀምጣ ቀጠለች።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። መምህርት የሻረግ ጡረታቸው ደርሶ እንኳ አልወረዱም። ከዚያ ይህ የምታውቁት የተኩስ ጊዜ መጣ። የትምህርት ቤቱ በር ተዘጋ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ የምከፍትለት ልጅ የለም። የየጎጡ ጥናት ብቻ ቀረ፤ እሱም ሰው መሰብሰብ እየፈራ ሳሳ። እሳቸው በዚያው መካከል ታመሙ። ቶሎ ይታከሙ ብንል መንገዱ እስኪከፈት ጠበቅን። በኋላ በበቅሎ ሮብ ገበያ ድረስ አወረድናቸው፤ ልጓሙን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። በጣም ከስተዋል። ቁልቁለቱ ላይ፣ «አባባ ጫኔ» አሉኝ፣ «እናኑን ያያት ሰው አለ?»

«አልሰማሁም መምህርት።»

«የእሷ ነገር አላለቀልኝም» አሉ። መኪና ላይ ሲወጡ እጄን ጨብጠው ጥቂት ቆዩ። ያ መጨረሻችን ሆነ።

መርዶው ሲሰማ አስከሬን በሌለበት ለቅሶ ተቀመጥን። ፈንታሁን፣ ያ አፈኛው ሰው፣ ቃል ሳይወጣው መጥቶ ከመሬት ተቀመጠ። ሦስተኛው ቀን ላይ ተነሥቶ፣ «ወደ መርጡለ ማርያም ልሄድ ነው። ልጄን አይቼ እመጣለሁ» አለ። መንገዱ አያስኬድም ብንለው አልሰማም። ይኸው ገና አልተመለሰም።

እንግዲህ መምህርት የሻረግ፣ ቀብርዎ ላይ ሳልቆም ቀርቻለሁ። አፈር ሳላለብስዎ ቀርቻለሁ። ያለንበትን ልንገርዎ። ትምህርት ቤቱ እስካሁን አልተከፈተም። ይታይሽን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር፤ ደሴ መለሳቸው። ደግመው ቢመጡ ይመልሳል ብዬ ግን ልምልልዎ አልችልም፤ ዘመኑ ሰውን አድክሞታል። እሷ፣ «አባባ፣ ሁለተኛ ቢመጡ እኔው ወጥቼ እመልሳቸዋለሁ» ብላኛለች። ባለፈው ሚካኤል ከጎጣችን ልጆች የመጡትን ሰብስባ ስታስጠና ውላለች፤ የቀሩትንም ለምን እንደቀሩ ልትጠይቅ ማታውኑ ሄዳለች። ከዚህ የበለጠ የምነግርዎ የለኝም።

ብርድ የማያባርርዎ ሰው ነበሩ፤ ያሉበት አገር ሞቃት ይሁንልዎ። ነፍስዎን በደጋጎቹ እቅፍ ያኑርልን። ሐዘኑ ሲጸናብኝ፣ እህል አልወርድ ሲለኝ እያባበለች ያጎረሰችኝ፣ እጄ ሲንቀጠቀጥም ቃሌን እየተቀበለች ይህን የጻፈችልኝ፣ ከዚህ ክፉ ሰሞን ክንዴን ይዛ ያሻገረችኝ ተማሪዎ ይታይሽ ደሴ ናት።